የይሉኝታ ሻይ

እናቴና አክስቴ መጨቃጨቅ የተዉ ሰሞን ሻያችን ተበላሸ።

መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ውሃውን የማፈላው እኔ ነኝና። ግን ለማንም አልተናገርኩም። ቶሎ አፍ የሚከፍት ሰው አይደለሁም። አክስቴ «ደመናው» የምትለኝ ከላይ ከላይ ስለምንሳፈፍ ነው። መንገዱን እያየሁ ስቆም፣ በመስኮቱ በገባው ጨረር ውስጥ የሚዋኘውን የቀረፋ ብናኝ በዓይኔ ስከተል፣ ከአጠገቤ የሚሆነውን አልሰማም።

«ደመናው፣ ማንቆርቆሪያው እየጮኸ ነው» ትለኛለች።

«ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ መልስ ስጠው እንጂ፤ ጎሮሮው ሊሰነጠቅ ነው እኮ።»

ሱቃችን መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ከመጋረጃው ወዲያ መኖሪያችን ነው። መደርደሪያው ላይ ትልልቅ ብልቃጦች አሉ፦ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ ሄል፣ ጠጅ ሣር። እነዚህን አድርቀን፣ ወቅጠን፣ ቀላቅለን፣ በወረቀት ከረጢት እየቋጠርን እንሸጣለን። ሻይ ይባል እንጂ የሻይ ቅጠል የሚባል ነገር በደጁም አላለፈ። ደንበኞቻችን እናቴን «ትልቋ»፣ አክስቴን «ትንሿ» ይሏቸዋል። ትንሿ ከትልቋ በአንድ ራስ ትረዝማለች፤ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ የምታወርደውም እሷ ናት። እናቴ ግን «አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ» ትላለች። አሁን ማን ማንን ሊያዝል እንደሚችል ለሚያይ ሰው ነገሩ ያስቃል።

የጭቅጭቃቸው ምክንያት ሁልጊዜ ያው ነው። ለእናቴ ሻይ ማለት ቅርንፉድና ቀረፋ ነው። «ሻይ ደረት ውስጥ ገብቶ መቀመጥ አለበት» ትላለች። አክስቴ ደግሞ ብርቱካኑ ካልቀደመ ሻይ የጠጣች አይመስላትም። «ገብቶ የሚቀመጥማ እንግዳ ነው፤ ሻይ አፍንጫን ከእንቅልፉ ነው የሚቀሰቅሰው» ትላታለች። በልጣጩ ነጭ ሽፋን እንኳ አይስማሙም። አክስቴ በቢላዋ ፍቅፍቅ አድርጋ ታወጣዋለች፤ እናቴ «ትንሽ ምሬት ካልተውሽበት ምኑን ሻይ ሆነው» እያለች የተፋቀውን ከትሪው ላይ በሐዘን ታየዋለች።

አሠራራችንም ከዚሁ የመጣ ነው። እናቴ በሰፊው ሳፋ ትቀላቅልና ጀርባዋን ስታዞር አክስቴ አንድ እፍኝ ልጣጭ ጣል ታደርጋለች። እናቴ ተመልሳ ታሸትና ቅርንፉድ ትወቅጣለች። እኔ አንድ ብርጭቆ አፈላለሁ። በየማንኪያቸው ፉት ይላሉ፣ ይተያያሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይጨምራሉ። እንደገና አፈላለሁ። በመጨረሻ ሁለቱም እኩል ሲያኮርፉ፣ አንዷ ወደ መደርደሪያው አንዷ ወደ መንገዱ ዞረው ዝም ሲሉ፣ ሻዩ ደረሰ ማለት ነው። ያኔ ከረጢት ማሰናዳት እጀምራለሁ።

ከማኩረፋቸው በፊት ግን አንድ ጊዜ ወደ እኔ ይዞራሉ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«ሁለቱም ጥሩ ነው» እላለሁ።

«ሁለቱም ማለት ምን ማለት ነው?» ትለኛለች እናቴ። «ያለው አንድ ብርጭቆ ነው።»

እንዲህ እየተባባልን ስንኖር ሻንጣው ከቁም ሣጥኑ ላይ ወረደ።

የአክስቴ ጓደኛ ራቅ ባለ ከተማ ዳቦ ቤት ከፍታ «ነይ አብረን እንሥራ» ካለቻት ቆይታለች። አክስቴ በነገሩ ስትስቅ ነበር የቆየችው። ዘንድሮ ግን ገበያው ቀዘቀዘ፤ ሦስታችን ተሰብስበን የጸዳ ብልቃጥ ስንወለውል የምንውልበት ቀን በዛ። በዚህ መሀል ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ሻያችንን ከዘመድ ቤት ቀምሶ ኖሮ፣ ለማረፊያው ሊወስደው እንደሚያስብና ሐሙስ ጠዋት መጥቶ እንደሚቀምስ ላከብን። እሱ ከወሰደው ለሦስት ሰው የሚበቃ ሥራ አለ። ካልወሰደው አክስቴ ቅዳሜ ትሄዳለች። ቁርጡን ነገረችንና ሻንጣውን አወረደች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ እህትማማቾች እንደ ባዳ ይከባበሩ ጀመር።

«አፌ ነው ያባረራት» አለችኝ እናቴ ብርጭቆ እያጠበች። «ዕድሜዋን ሙሉ ስነዘንዛት ኖርኩ። ከእንግዲህ ክፉ ቃል አይወጣኝም።»

አክስቴም ለብቻዬ ያዘችኝ። «የቀረኝ ጥቂት ቀን ነው፤ ተኮራርፈን መለያየት አልፈልግም። እትዬ ያለችው ይሁን ብያለሁ።»

ለሁለቱም ራሴን ነቀነቅሁ። አክስቴ ስትሄድ ማን «ደመናው» ብሎ እንደሚጠራኝ አሰብኩ። እናቴ በስሜ ነው የምትጠራኝ፤ በስሜ ስጠራ ደግሞ ሳላጠፋ ያጠፋሁ ይመስለኛል።

ረቡዕ ለእንግዳው የሚቀርበውን ሻይ ልናሰናዳ ሳፋውን ከበብን።

«እትዬ፣ ቅርንፉዱን አንቺ እንደወደድሽ አድርጊው» አለች አክስቴ።

«ኧረ አንቺ እንደወደድሽ። እኔ ምን ገዶኝ።»

«በሞቴ ጨምሪ።»

«በሞቴ አልጨምርም። አንቺ ይልቅ ልጣጩን።»

«ይበቃል፤ አንቺን ያስነጥስሻል።»

እናቴ ቅርንፉዱን በጣቶቿ ቆንጠር አድርጋ፣ ከዚያም ላይ ግማሹን ወደ ብልቃጡ መለሰች። አክስቴ ሳፋው ላይ የበተነችው ልጣጭ ጥግ ይዞ የተቀመጠ እንግዳ ይመስል ነበር። ቀረፋው እንኳ እርስ በርስ ሲጋበዙት ሳይገባ ቀረ። የበዛው ጠጅ ሣር ብቻ ነው፤ በእሱ ማንም ተከራክሮ ስለማያውቅ።

አፈላሁት። መልኩ ብርጭቆ የተለቀለቀበት ውሃ ነው የሚመስለው። በየማንኪያቸው ፉት አሉ።

«ለስላሳ ነው» አለች እናቴ።

«አዎ፤ አይከብድም» አለች አክስቴ።

አይከብድም የሚባለውማ ለውሃም ነው።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ምላሴ ልማዷ ሆነና «ጥሩ ነው» አለች።

ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ሰላም ነሳኝ። እነዚህ ሰዎች ካልተጣሉ ሻይ የለም፤ ሻይ ከሌለ አክስቴ የለችም። ስለዚህ በሕይወቴ ሞክሬው የማላውቀውን ነገር ልሞክር ተነሣሁ፤ ወሬ ላመላልስ።

እናቴ ዝንጅብል እየወቀጠች ነበር። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«እማዬ፣ አክስቴ ቅርንፉድ የጥርስ መድኃኒት እንጂ የሻይ አይደለም ስትል ነበር።»

ዘነዘናው ባለበት ቆመ። ልቤ በደስታ ዘለለች።

«እውነቷን ነው» አለች እናቴ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። «ያን ጊዜ ጥርሴን ሲያመኝ ሰፈሩን ዞራ ቅርንፉድ ያመጣችልኝ እሷ ናት። ምን ያላደረገችልኝ ነገር አለ።»

ዝንጅብሉ ነው ያስለቀሳት ብዬ ራሴን አጽናናሁና ወደ አክስቴ ዞርኩ። ሹራብ እያጠፈች ሻንጣው ውስጥ ትከታለች።

«እማዬ ያንቺ ብርቱካን ከሻይ ይልቅ ለጸጉር ቢቀባ ይሻላል አለች።»

«ታዲያ እስከዛሬ ችላኝ መኖሯ አይገርምህም?» አለችኝና ቀና ብላ አየችኝ። «ደግሞ እባክህ ደመናው፣ ነገር ማመላለስ ይቅርብህ። ስትዋሽ አፍንጫህን ታካለህ።»

እጄን ከአፍንጫዬ ላይ አወረድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሰውዬው መጣ። ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ ግን የቀጠነ፣ ጃንጥላውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ያቀፈ ሰው ነው። እናቴ ወንበሩን ጠረገችለት፤ አክስቴም ያልጠረገችው መስሏት ደግማ ጠረገችው። እሱ «አይቸገሩ» ይላል፣ እነሱ «ምን ችግር አለው» ይላሉ። እኔ ከጥግ ሆኜ ውሃ አፈላለሁ። ክፍሏ በይሉኝታ ታፍና መተንፈሻ አጣች።

ሻዩን ሰጠሁት። በመሐረቡ ጢሙን ጠረገ፣ ፉት አለ፣ ጢሙን ጠረገ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ ቀለሙን አየ። የሚታይ ቀለም አልነበረም።

«ጥሩ ነው» አለ። ቃል ሲፈልግ ቆየና «ሙቀት አለው» ብሎ ጨመረበት።

«እግዜር ይስጥልኝ። ሥራው የእህቴ ነው» አለች እናቴ።

«ኧረ የእትዬ ነው» አለች አክስቴ።

«ተባረኩ። እንግዲህ አስቤበት እመለሳለሁ።»

አስቤበት እመለሳለሁ ብሎ የተመለሰ ሰው አይተን አናውቅም። ሰውዬው ጃንጥላውን አነሣ። እናቴ ፈገግ ብላለች፤ አክስቴም ፈገግ ብላለች። በመጋረጃው ክፍተት ሻንጣው ይታየኛል፤ የቀዩ ሹራቧ እጅጌ ከክዳኑ ሥር ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

«ጥሩ አይደለም» አልኩ።

ሦስቱም ከበስተኋላቸው አራተኛ ሰው የገባ ይመስል ዞሩ።

«ምን አልክ?» አለች እናቴ።

«ሻዩ ጥሩ አይደለም። ውሃ ውሃ ይላል። የእኛ ሻይ ይሄ አይደለም።»

«ይቅርታ ያድርጉለት» አለች እናቴ ለሰውዬው፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ። «ልጄ እንዲህ አይደለም። እንዲያውም ጭራሽ አይናገርም።»

«ግድ የለም» አለ ሰውዬው። ሊቀመጥ ይሁን ሊሄድ ቸግሮት ጉልበቱን አጥፎ ቀረ።

«እትዬ፣ ልጁን ተይው። ልክ ነው» አለች አክስቴ።

«ልክ ነው? ትናንት ለስላሳ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ለስላሳ ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ አይከብድም ነው ያልኩት።»

«ካልጣመሽ ለምን አትነግሪኝም ታዲያ?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ።»

«እኔስ ላንቺ ብዬ አይደል ቅርንፉዱን የደበቅሁት።»

«ደበቅሽው?»

እናቴ ወደ ጓዳ ገባችና ከሳሙናው ጀርባ ሌላ ብልቃጥ ይዛ ወጣች፤ ጢም ብሎ የሞላ ቅርንፉድ። ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። አክስቴ ብልቃጡን አየች፣ እናቴን አየች፣ ከዚያ መጋረጃውን ገለጠች። ሻንጣዋን ከፍታ እጇን እስከ ክንዷ ሰደደችና ከሹራቦቹ ሥር አንድ የጨርቅ ቋጠሮ አወጣች። ስትፈታው ክፍሏ በብርቱካን ሽታ ተሞላች። የተፋቀ፣ ቀጭን፣ ላዩ ብቻ የቀረ ልጣጭ ነበር፤ ከጠቅላላው መርጣ ያስቀመጠችው።

«ይዘሽው ልትሄጂ ነበር?» አለች እናቴ። ድምጿ ዝቅ ብሏል።

«እዚያ ዱቄት እንጂ ሌላ ምን አለ። አልፎ አልፎ ላሽትተው ብዬ ነው።»

እናቴ ልጣጩን በጣቷ ገለጥ አደረገች። ከሥሩ ጥቁር ጥቁር ነገር አለ። አንዱን አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው።

«ይሄስ?»

«የቱ?»

«ቅርንፉድ ነው እኮ።»

«ተሳስቶ ገብቶ ነው» አለች አክስቴ።

«አይ፣ ተሳስቶ። ይህን ሁሉ ቅርንፉድ ማን እጁን ይዞ አስገባው?»

አክስቴ አፍንጫዋን አከከች። የኔ አመል ከማን እንደ መጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተከታትሎ መናገር ይቸግራል። እናቴ ሳፋውን ወደ ራሷ ሳበች፤ አክስቴም ሳበችው። ሙቀጫው ተንኳኳ። ቀረፋው ተሰበረ። የትናንቱ ልጣጭ ከነነጩ እንደ ተበተነ ሲታወቅ እናቴ «ለካ ለዚህ ነው ጫፉ ላይ የመረረኝ» አለች። አክስቴ «ዕድሜ ልክሽን ምሬት ይግባበት ስትዪ ኖረሽ» አለቻት። «ትንሽ ነው ያልኩት፣ ትንሽ።» «ትንሽሽን መቼ አሳይተሽኝ ታውቂያለሽ?» እኔ ማንቆርቆሪያውን ጥጄ ብርጭቆ ደረደርኩ። ሰውዬው ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ከአንዷ ወደ አንዷ ይሮጣል።

«ዝንጅብሉስ ቢጨመር?» አለ በመጨረሻ፣ ደፍሮ።

«እርስዎ ይቀመጡ» አሉት ሁለቱም በአንድ ድምፅ። ተቀምጦ ነበር፤ ይበልጥ ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀመሱ።

«ቅርንፉድሽ ከንፈሬን አደነዘዘው። የማወራው እኔ መሆኔንም እንጃ።»

«ታዲያ ለምን አላቆመሽም።»

ልጣጭ ተጨመረ። ሁለተኛውን ቀመሱ። እናቴ አስነጠሰች፣ ከማስነጠሷም ቀጥላ ቀረፋ ጨመረች። ሄል ፈልፍለው ጨመሩበት። ጠጅ ሣሩን በእፍኝ እየዘገኑ አወጡት፤ በእሱ ሲስማሙ ራሳቸውም ደነገጡ። ቀጥሎ ያፈላሁትን አክስቴ ፉት ብላ ምንም አልተናገረችም። እናቴም ፉት አለችና ምንም አልተናገረችም። አንዷ ወደ መደርደሪያው፣ አንዷ ወደ መንገዱ ዞሩ። ክንዳቸው እኩል ተጣጥፏል።

ደርሷል ማለት ነው። አጥልዬ ለሰውዬው ሰጠሁት።

ጢሙን ጠርጎ ፉት አለ። መሐረቡ በእጁ እንዳለ ቀረ። ደግሞ ፉት አለ። እንፋሎቱ መነጽሩን ሸፍኖታል፤ ግን አላወለቀውም፤ አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ እንደ ነከረ እስከ አተላው ጠጣው። ጢሙ ላይ የቀረችውን ጠብታም በምላሱ አነሳት።

«ይሄን የሠራው ማነው?»

«እኔ» አሉ ሁለቱም።

ሰውዬው ሳቀ። ሳቁ ከድምፁ ይልቅ ለትከሻው የሚስማማ ወፍራም ሳቅ ነበር። «ዘመድ ቤት የቀመስኩት ይሄን ነው። ለክፍሎቹ ሁሉ እፈልገዋለሁ። ግን ይሄንኑ ነው፤ የቅድሙን አይደለም።»

«የቅድሙ ምን ሆነ?» አለች እናቴ። «ጥሩ ነው ብለው አልነበር?»

«እንዴ፣ በሰው ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልበል ወይዘሮ?»

«ሙቀት አለው አሉት እኮ» አለች አክስቴ። «ትኩሳት የሚለኩ ነው የመሰለኝ።»

እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔን ከነሱ ይልቅ ሳያምነኝ አልቀረም። «ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል?»

«ሁለቱም እዚህ ካሉ» አልኩ።

ይህን ያልኩት ለሰውዬው ነው። የሰማችው ግን አክስቴ ናት። አየችኝ፤ «ደመናው» ልትለኝ መስሎኝ ነበር። የቀረውን ልጣጭ ወደ ጨርቁ መለሰችና ሳትቋጥረው ተወችው።

ሰውዬው ለመጪው ሳምንት የሚሆነውን አዝዞ ሲወጣ ጃንጥላውን ረሳ፤ ይዤለት እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሮጥኩ። ስመለስ ሁለቱ በደጁ ተቀምጠው ብርቱካን እየላጡ ነው። ያሉን ትሪዎች ሁሉ ሞልተዋል። አክስቴ ዙሪያዋን አየች፣ ተነሣች፣ ገባች። ልብስ አልጋ ላይ ሲራገፍ ሰማሁ። ባዶውን ሻንጣ ይዛ ወጣችና ፀሐዩ ላይ ከፈተችው። ልጣጩን በሁለቱም በኩል ደረደረችበት።

«ጓደኛሽስ?» አለች እናቴ ዓይኗን ከቢላዋዋ ሳታነሣ።

«ሻይ እልክላታለሁ።»

«የትኛውን? የረቡዑን እንዳይሆን።»

«እሱንማ ለጠላቴም አልልክ።»

«ሻንጣሽ እንግዲህ ዕድሜ ልኩን ብርቱካን ብርቱካን ማለቱ ነው።»

«ያንቺን ቅርንፉድ ቅርንፉድ ከሚል ይሻላል» አለች አክስቴ። ከዚያ ከብርጭቆው የቀረውን አቀበለችኝ። «እስኪ ደመናው፣ ዛሬ አፍ ካወጣህ አይቀር። ምን ትላለህ?»

ቀመስኩት። አሰብኩበት።

«ቅርንፉዱ ትንሽ በዝቷል። ብርቱካኑም ትንሽ በዝቷል።»

«አየሽ» ተባባሉ።

«በስንት ጣዕሙ ዝም ያለ ጊዜ» አለች እናቴ። ተነሥታ ወደ ውስጥ ስትገባ በሻንጣው አጠገብ አለፈችና፣ ጎንበስ ብላ ልጣጮቹን ነጩ ወደ ላይ እንዲሆን ገለበጠቻቸው። ገና መጋረጃውን ሳታልፍ አክስቴ ተነሥታ መልሳ ገለበጠቻቸው።

እኔ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ።